«ቅዱ» ወይስ «እዩ»?

በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የሚጠራው ድልድይ አራዳን ከአዲስ ከተማ ጋር የሚያገናኝ ነው። በአንደኛው ወገን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትና በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይገኛሉ፤ በሌላው ወገን ጎጃም በረንዳና መርካቶ አሉ። በዚህ መካከል ተወልደው የሚያድጉት ልጆች ዐይናቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የሸቀጡን ቀለም፣ የጭነቱን ክምር፣ የቆርቆሮውን ዝገት፣ ያረጀውን ሰገነት፣ የፈረሰውን ቤትና በስፍራው የሚነሣውን አዲስ ሕንፃ ሲያዩ ይውላሉ። ነገር ግን ከክፍል ገብተው፣ ያውም «ሥዕል» ተብሎ በተመደበላቸው ሰዓት፣ በብዙ ትምህርት ቤት የሚገጥማቸው ነገር ይህ ነው፤ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ጀበና ይሥልና «ቅዱ» ይላቸዋል። አስመስሎ የቀዳ ከዐሥር ዐሥር ያገኛል፤ የእናቱን ጀበና አስታውሶ ሌላ አድርጎ የሣለ ማርክ ይቀነስበታል። ደወል ሲደወል ደብተሩ ይታጠፋል፤ የሥዕልም ትምህርት በዚሁ ያበቃል።

በጀበናው ላይ ጥል የለንም፤ ጥላችን ከትእዛዙ ጋር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከርበትም ነገር አጭር ነው፤ ይኸውም የዘመናችን ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች የሠሩት ሥራ በየትምህርት ቤቱ ክፍል ገብቶ ማስተማሪያ ይሁን፤ የሚያስተምረውም መሣልን ብቻ ሳይሆን አስተውሎ ማየትን፣ ላዩት ነገር ምክንያት መስጠትንና የባልንጀራን ትርጓሜ አክብሮ መስማትን ይሁን የሚል ነው። ይህን ስንል ከውጭ የመጣ አዲስ ልማድ አምጥተን በልጆቻችን ላይ ለመጫን አይደለም። አባቶቻችን በቅኔ ቤትና በመጽሐፍ ቤት ሲያስተምሩበት የኖሩትን ዘዴ ወደ ሥዕል እንድናዛውረው ለማሳሰብ ነው። ለአገራችን ትምህርት እንግዳ የሆነውስ «ቅዱ» የሚለው ቃል ነው።

ለምን እንግዳ እንዳልነው እናስረዳ። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ መምህር ለተማሪዎቹ ቅኔ ሲያሰማ እንዲደግሙለት ብቻ አይደለም። ተማሪው የመምህሩን መንገድ አይቶ፣ በዜማው ልክና በሰዋስው ሕግ ታስሮ፣ ትላንት ያልነበረ ቅኔ ዛሬ ቈጥሮ እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ በጉባኤው ፊት ያፍራል እንጂ አይመሰገንም። ትምህርቱ የሚጀመረው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው፤ እያደገም ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ከትንሹ እስከ ትልቁ ግን ሕጉ አንድ ነው፤ ሥርዓቱን ጠብቅ፣ ነገሩን ግን አንተው ፍጠር ይላል። እንግዲህ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ያለ ወንበርና ያለ ሰሌዳ፣ ቆሎ እየቈረጠመ ለሚማረው የቅኔ ተማሪ የተፈቀደው ነጻነት፣ ወንበርና መጽሐፍ ላለው ለዘመናዊው ትምህርት ቤት ተማሪ ስለምን ይከለከላል?

ከቅኔ ቤት አልፈን ወደ መጽሐፍ ቤት ብንሄድ ደግሞ የአንድምታን ትርጓሜ እናገኛለን። መምህሩ አንዱን ኀይለ ቃል አንሥቶ ይተረጕመዋል፤ ከዚያም «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያስከትላል። ትርጓሜ በዛ ብሎ የተቈጣ መምህር፣ አንዱን ብቻ ያዙ ብሎ ሌላውን የደመሰሰ ሊቅ አልተሰማም። ሆኖም ማንም እንደ ፈቀደው አይናገርም፤ እያንዳንዱ «አንድም» ከንባቡ የሚነሣ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ነጻነትና ሥርዓት በአንድ ጉባኤ ተስማምተው የሚኖሩበትን ይህን የመሰለ የማስተማሪያ ዘዴ የያዘ አገር፣ በሥዕል ክፍል ውስጥ አንድ ጀበና ብቻ ትክክል ነው ብሎ ሲያስተምር ማየት የሚያሳዝን ነው።

የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው። በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ቤተ መዘክር የትምህርት ኀላፊ የነበሩት ፊሊፕ የናዋይንና የሥነ ልቡና ተመራማሪዋ አቢጌይል ሃውሰን አንድ የማስተማሪያ ዘዴ ካወጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ዘዴውም በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ተሠራጭቷል። መምህሩ አንድ ሥዕል ያሳይና ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል፤ በዚህ ሥዕል ውስጥ ምን እየሆነ ነው? እንዲህ እንድትል ያደረገህ ያየኸው ነገር ምንድን ነው? ሌላስ ምን እናገኛለን? አንባቢ ያስተውል፤ ሁለተኛው ጥያቄ ንባቡን ጥቀስ ማለት ነው፤ ሦስተኛውም «አንድም» ነው። ሊቃውንቶቻችን ብዙ ምእት ዓመት የተጠቀሙበትን ነገር ሌላው አገር አዲስ ዘዴ ብሎ ሲያስፋፋው፣ እኛ የራሳችንን ጥለን «ቅዱ» ስንል መገኘታችን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የሚለውን ተረት ያስታውሳል።

በእጃችን የያዝነው ወርቅ ግን ዘዴው ብቻ አይደለም፤ ሥራውም ከደጃችን ነው። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ላይ ጥቂት ብንራመድ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ውስጥ የእጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ሥራ እናገኛለን። የእሳቸው ሌላ ሥራ፣ በአፍሪካ አዳራሽ መስኮት ላይ 150 ሜትር ካሬ የሸፈነውና በ1953 ዓ.ም. ለአዳራሹ ምርቃት የደረሰው ባለቀለም መስተዋት፣ የአፍሪካን ትላንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። ወደ ስድስት ኪሎ ለሚወጣ ተማሪ ደግሞ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ፤ በዚያው አካባቢም በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው፣ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ከድልድዩ እስከዚያ ያለው መንገድ ልጆች በእግራቸው የሚዘልቁት ነው። ይህን መንገድ ከመምህራቸው ጋር አንድ ቀን እንኳ ሳይሄዱ ትምህርታቸውን የሚጨርሱ የአራዳና የአዲስ ከተማ ተማሪዎች ስንት ናቸው? መልሱን እያንዳንዱ ርእሰ መምህር በየቤቱ ይመርምር።

ገብረ ክርስቶስ ደስታን እንውሰድ። «ሀገሬ» የተባለውን ግጥሙን በቃሉ የሚያውቀው ብዙ ሰው ነው። ነገር ግን ያው ሰው ሠዓሊ እንደ ነበረ፣ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምሮ ተመልሶ በአገሩ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንዳስተማረ፣ በ1955 ዓ.ም. ግድም «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕል እንደ ሣለ የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ያንን ሥዕል በክፍል ፊት አድርገን፣ ከጎኑ ተማሪው በየቤተ ክርስቲያኑ የሚያውቀውን የስቅለት ሥዕል ብናቆም ምን ያኽል ትምህርት ይወጣው ነበር! በሁለቱ ሥዕሎች አንድ የሆነው ምንድን ነው? የተለየውስ? ሠዓሊው ፊትንና ልብስን ትቶ ቀለምን ያጐላው ምን ሊነግረን ነው? ቀዩ ቀለም ደም ነውን? አንድም እሳት ነውን? አንድም የመሸበት ሰማይ ነውን? እንዲህ ብሎ የጠየቀ መምህር ያስተማረው ሥዕልን ብቻ አይደለም፤ አማርኛን አስተምሯል፤ ታሪክን አስተምሯል፤ ከሁሉም በላይ ማሰብን አስተምሯል።

ሁለተኛ ምሳሌ እናምጣ። ኤልያስ ስሜ በአዲስ አበባ ተወልዶ በዚያው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ ሠዓሊ ነው። የሚሠራውም በዘይት ቀለም ሳይሆን ሰው በጣለው ነገር ነው፤ የኮምፒዩተር ውስጣዊ ሰሌዳ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ቁልፍና ክር። ብዙውን ዕቃ የሚሰበስበው ከመርካቶ ሲሆን፣ እየጐነጐነና እየመታ በሰሌዳ ላይ ሲደረድረው ከሩቅ ለሚያየው የታረሰ ማሳ ወይም ከአውሮፕላን የታየ ከተማ ይመስላል። ሥራዎቹ ዛሬ በታላላቅ የዓለም ሙዚየሞች ይታያሉ። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ ያቋቋመው ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. መካኒሳ ላይ ተከፍቷል፤ በግቢውም ውስጥ ሕፃናት ይማራሉ። እንግዲህ ይህን አንድ ሥራ ይዞ ወደ ክፍል የገባ የሳይንስ መምህር መዳብ ስለምን ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ያስረዳበታል፤ የጂኦግራፊ መምህር ዕቃው ከየት አገር ተሠርቶ እንደ መጣ፣ ሲሰበርስ ወዴት እንደሚጣል ይጠይቅበታል፤ የሒሳብ መምህር ስፋትንና ተመጣጣኝነትን ያስለካበታል። የመርካቶ ልጅም ምናለሽ ተራ በየቀኑ የሚያየው ውራጅ ብረት ለትምህርት የሚበቃ መሆኑን ይረዳል። በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማስተማር ስንል እንዲህ ማለታችን ነው፤ አንድ ተጨማሪ ትምህርት መጨመር ሳይሆን ባሉት ትምህርቶች ሁሉ ውስጥ የሚያሠራ ዐይን መክፈት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌያችን አሁን በዐይናችን ፊት ካለው ነገር ጋር የተያያዘ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በአካባቢው ሲጀመር ብዙ ያረጁ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ብዙ ቤተ ሰቦችም ወደ ሌላ ሠፈር ተዛውረዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 ዓ.ም. አትክልት ተራ ከነበረበት ተነሥቶ ወደ ጃን ሜዳ፣ ቈይቶም ወደ ሌላ ስፍራ ሄዷል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ተነሥቶ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። የከተማ መታደስ መልካም ነው፤ በዚህ ላይ አንከራከርም። ነገር ግን የተወለደበት ቤት በነበረበት ስፍራ አበባ ተተክሎበት ያገኘ ልጅ፣ ጓደኞቹ በአንድ ወር ውስጥ ከክፍሉ የጠፉበት ልጅ፣ ያየውን የሚናገርበት ቋንቋ ማን ሰጠው? በ1963 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ መህረቱ የከተሞችን ካርታና የሕንፃ ንድፍ አንዱን በሌላው ላይ እየደረበች፣ ጥቂቱን እየፋቀች፣ ጥቂቱን እንዲታይ እየተወች ትሥላለች። የዓለም ሕዝብ ሥራዋን የሚያደንቀው ከተማ ምን ያኽል ትዝታ ተሸክሞ እንደሚኖር ስለምታሳይ ነው። መምህሩ ይህን አሳይቶ፣ ለተማሪው ስስ ወረቀት ሰጥቶ፣ አያትህ የሚያውቁትን ፒያሳ ጠይቀህ ሣል፤ በላዩ አንተ የምታውቀውን ደርብ፤ በላዩ ደግሞ ሊሆን የምትወደውን ደርብ ቢለው፣ ልጁ ታሪክን ከአያቱ አፍ ይማራል፤ ኀዘኑም መልክ ያገኛል፤ ለሚመጣውም ከተማ ባለቤት መሆኑ ይሰማዋል። ጀበና ከሰሌዳ ላይ መቅዳት ይህን ሁሉ ሊሰጠው አይችልም።

አሁን ደግሞ የሚቃወሙንን ሰዎች ቃል በቅንነት ሰምተን እንመልስ።

የመጀመሪያዎቹ «ዘመናዊ ሥዕል የፈረንጅ ነው፤ ልጆቻችንን ከባህላቸው ያርቃል» ይላሉ። ይህ ክስ አዲስ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ከውጭ ተመልሶ ሥዕሎቹን ባሳየ ጊዜም ይህንኑ የመሰለ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ለእነዚህ ወንድሞቻችን የምንመልሰው ከታሪክ ነው። በ15ኛው ምእት ዓመት ማብቂያ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የሚባል ሠዓሊ ከቬኒስ መጥቶ ብዙ ዓመት በኢትዮጵያ ኖሯል። እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ስለ ሣላት፣ ግራ የክብር ወገን አይደለም ተብሎ ብርቱ ሁከት መነሣቱ ተጽፏል። በ17ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ደግሞ በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ ወደ አገራችን ገባ፤ ሠዓሊዎቻችንም እየተከተሉ በራሳቸው መልክ ሣሉት። ዛሬ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ብለን ከጥንት የወረስነው የምንለው ሥዕል ልጇን በግራ ክንዷ የታቀፈችው እመቤታችን ናት። ትላንት ሁከት ያስነሣው ዛሬ የምንሳለመው ሆነ። እንግዲህ አዲስ የሆነው ሁሉ ባዕድ ነው የሚል ሰው፣ አባቶቹ ባዕዱን እንዴት አድርገው የራሳቸው እንዳደረጉት ያልመረመረ ሰው ነው።

ከዚህም በላይ የዘመናችን ሠዓሊዎች ከአገራቸው ሥር አልተነቀሉም። እስክንድር ቦጎሲያን በፓሪስ ኖሮ በ1950ዎቹ ማብቂያ ሲመለስ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው የብራና ክታብንና የጥልሰምን መልክ በዘመናዊ ሥዕል ውስጥ ሕያው እያደረገ ነው። ዘሪሁን የትምጌታ ቀርከሃ ሰንጥቆ እንደ ሸማኔ ድር እየደረደረ በላዩ የአገሩን ምልክት ሥሏል፤ በ1985 ዓ.ም. በዳካር በተደረገው የአፍሪካ የጥበብ ትርኢትም ተሸልሟል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ የዓለም የሥነ ጥበብ ትርኢት የራሷን አዳራሽ ስትከፍት የተወከለችው በተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራ ነው። ተስፋዬም የሥነ ጥበብ ትምህርቱን የጀመረው በዚሁ በአዲስ አበባ ነው። ከቬኒስ ሠዓሊ ከመጣልን ከ500 ዓመት በኋላ የእኛ ሠዓሊ ወደ ቬኒስ ሄደ። ይህን የቬኒስ ሰው አይቶት የአራዳ ተማሪ ሳያየው ቢቀር ባህል ያራቀው ማን ነው?

ሁለተኛዎቹ «ሕፃን ይህን አይረዳም፤ ለእሱ የሚስማማው ጀበናና ማንጎ ነው» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የአገራቸውን ሕፃን አያውቁትም። ማታ በምድጃ ዙሪያ «እንቆቅልሽ» ሲሉት «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልስ፣ የማይታየውን ነገር በምሳሌ አውጥቶ የሚያገኝ ልጅ፣ የተሰወረ ትርጕም አያስፈራውም። እንዲያውም በዘመናዊ ሥዕል ፊት ቆሞ የሚጨነቀው ትልቁ ሰው ነው፤ ሕፃኑ ሳያፍር ያየውን ይናገራል። ያንን ድፍረት የምንወስድበት እኛው ነን፤ መልስ አንድ ብቻ ነው እያልን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እየቀነስን፣ በመጨረሻ ጥያቄ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ ተማሪ እናወጣለን። ከዚያ በኋላ ወጣቱ አይመራመርም፣ አዲስ ነገር አይፈጥርም ብለን በየስብሰባው እንወቅሰዋለን። ዘሩን ቀቅሎ የዘራ ገበሬ ስለምን አልበቀለም ብሎ ማሳውን ሊከስስ አይችልም።

ሦስተኛዎቹ «ድሆች ነን፤ ቀለም የለም፣ ወረቀት የለም፣ ክፍሉም ጠባብ ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ በተጨናነቀ ክፍል፣ ያለ በቂ መሣሪያ የሚያስተምረውን መምህር ድካም አንዘነጋም፤ እሱንም ለመውቀስ አልተነሣንም። ብዙዎቹ ሥዕል እንዲያስተምሩ የተመደቡት በሌላ ትምህርት ሠልጥነው ነው፤ ያልተሰጣቸውን እንዲሰጡ መጠየቅ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ነገር ግን ለማየት ቀለም አይገዛም። አንድ ጥሩ የታተመ የሥዕል ቅጂ ለአንድ ክፍል ይበቃል፤ በሚቀጥለው ሰዓት ወደ ሌላው ክፍል ይሄዳል። ለመሥራትም ቢሆን ኤልያስ ስሜ በጥራጊ የሠራውን ማየት ይበቃል። ይልቁንስ ውድ የሆነው ልጅን ዐሥራ ሁለት ዓመት አስተምሮ ማየት ሳያስተምሩ ማሰናበት ነው።

አራተኛዎቹ ከሁሉ የበረቱ ናቸው። እነዚህ «ፈተና አለ፤ በብሔራዊ ፈተና ሥዕል አይጠየቅም፤ ስለዚህ የሥዕሉ ሰዓት ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ቢውል ይሻላል» ይላሉ። በተግባርም በብዙ ስፍራ ሰዓቱን ወስደውታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ክወናና እይታ ጥበባት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ መጽሐፍ ወጥቶለታል፤ መጽሐፉ አለ፣ ሰዓቱ ግን በፈተና ወር ይጠፋል። እኛም እንጠይቃለን፤ ይህ ሁሉ ተሠውቶ የተገኘው ውጤት ምንድን ነው? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4። ልጆቹ የወደቁት ሥዕል ስላልተማሩ ነው አንልም፤ እንዲህ ብንል ሐሰት ይሆንብናል። የምንለው ይህ ነው፤ መቅዳትና መሸምደድ ብቻ የሚያዋጣ መንገድ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ባዋጣን ነበር። የሚኰረጅለት ሳያገኝ ብቻውን ከጥያቄ ጋር የተፋጠጠ ተማሪ የሚያስፈልገው ያየውን ማገናዘብ፣ ምክንያት መፈለግ፣ በራሱ ፍርድ መታመን ነው። ይህን ደግሞ መልሱ በመጽሐፉ ጀርባ ባልተጻፈ ነገር ላይ ካልተለማመደ ከየት ያመጣዋል? የዘመኑ ሥዕል ያ መልሱ ከጀርባ ያልተጻፈው ነገር ነው።

የዕለት እንጀራ ይቀድማል የሚሉም አሉ። እንጀራ መቅደሙን ማንም አይክድም። ነገር ግን የሽመናውን ጥበብ፣ የሕንፃውን ንድፍ፣ የመጽሐፉን ሽፋን፣ የፊልሙን ሥዕል፣ የገበያውን ማስታወቂያ የሚሠራው የሠለጠነ ዐይን ያለው ሰው ነው፤ እንጀራውም የሚገኘው ከዚያ ነው። ሠዓሊ ሁሉም አይሆንም። ሁሉም ግን በተሠራ ከተማ ውስጥ ይኖራል፤ ሕንፃው ሲያምርና ሲያስጠላ፣ ሥዕል እውነት ሲናገርና ሲዋሽ መለየት ይገባዋል። በእጅ ስልኩ በቀን ስንት ሥዕል የሚያልፍበት የዛሬ ልጅ፣ የትኛው እንደ ተቀነባበረና የትኛው እንደ ተነሣ ለመመርመር ካልለመደ፣ ማንም ያሳየውን ሁሉ አምኖ የሚነዳ ይሆናል። እንግዲህ ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአገር ደኅንነት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ነቅፎ ዝም ማለት እንዳይሆንብን የምንጠይቀውን በግልጽ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለሥነ ጥበብ የተመደበው ሰዓት በሕግ ይጠበቅ፤ ርእሰ መምህሩም ሰዓቱን ለሌላ ትምህርት ሲሰጥ እንደ ሒሳብ ሰዓት ይጠየቅበት። ሁለተኛ፣ የትምህርት ሚኒስቴርና የከተማው የትምህርት ቢሮ ከሙዚየሞችና ከሠዓሊዎች ጋር ተስማምተው ጥቂት የተመረጡ ሥራዎችን በጥሩ ቀለም አሳትመው ለየትምህርት ቤቱ ያድሉ፤ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በጠቆረ ትንሽ ሥዕል ማሳየት ካለማሳየት አይለይም። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት ሁለት ጊዜ ከመምህሩ ጋር ወደ ሙዚየም ይሂድ፤ ለአራዳና ለአዲስ ከተማ ትምህርት ቤቶች ይህ ከእግር መንገድ የበለጠ ወጪ አይጠይቅም። አራተኛ፣ የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲና ሌሎች የመምህራን ማሠልጠኛዎች መምህሩን ሁሉ፣ የሥዕል መምህሩን ብቻ ሳይሆን፣ በሥዕል እንዴት እንደሚያስተምር ያሠልጥኑ፤ ለዚህም የአንድምታና የቅኔ መምህራንን ጋብዘው ዘዴውን ከምንጩ ይቅዱ። መቅዳት የሚገባስ ከእንዲህ ያለው ምንጭ ነው። አምስተኛ፣ ማርክ የሚሰጠው ጀበናውን ለመሰለ ሳይሆን ያየውን በምክንያት ለገለጸና የራሱን ለፈጠረ ይሁን።

ከእነዚህ አምስቱ አንዱ እንኳ አዲስ ሕንፃ ማሠራት አይጠይቅም፤ የውጭ ብድርም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ፈቃድ ነው። ባለሥልጣኖች ትእዛዙን ለመጻፍ፣ መምህራን ጥያቄውን ለመጠየቅ፣ ተማሪዎችም «አንድም» ብለው ለመናገር ድፍረት ይኑራቸው። መምህር ሆይ፣ ትእዛዙ እስኪደርስህ አትጠብቅ። በነገው የሥዕል ሰዓት ከሰሌዳው ላይ ጀበናውን አጥፋና አንድ የአገርህን ሠዓሊ ሥራ ስቀል። ከዚያ በኋላ ዝም በልና ልጆቹን ስማቸው። የመጀመሪያው መልስ ሲመጣ «ልክ ነህ» አትበል፤ «ስለምን?» በል። ሁለተኛው ሲመጣ «አንድም?» ብለህ ሦስተኛውን ጠብቅ። በዚያች ሰዓት አንተም መምህር ብቻ ሳትሆን የጉባኤ አባት ትሆናለህ፤ ክፍልህም ከመገልበጫ ቤትነት ወደ ትምህርት ቤትነት ይመለሳል።